«እኔ ጋ ይሠራል»

ውድ ወጣቶች፣ ትሑት ሰው የቀረበለትን እርማት ሁሉ መቀበል አለበት? ብዙዎቻችን «አዎ» እንላለን። እኔ ግን ጥያቄውን ከፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ በተወሰደ ምሳሌ እንድትመረምሩት እጋብዛችኋለሁ።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። ለአንድ የድምፅ ቺፕ ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑንና ሊኑክስን የሚያግባባ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሥራውን በኢሜይል ይልካል። ገምጋሚዎች መስመር በመስመር ያዩታል፤ አስተያየታቸውም ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይመጣል።

ከተለመዱት እርማቶች አንዱን እንይ። የድምፁን መጠን የሚለውጠው የኮድ ክፍል መጠኑ ከተለወጠ 1፣ ካልተለወጠ 0 መመለስ አለበት። ጸሐፊው ሁልጊዜ 0 እንዲመልስ አድርጎት እንበል። በጆሮው ሲሰማው ድምፁ ከፍም ዝቅም ይላል። ነገር ግን ለውጡን የሚጠባበቁ ሌሎች ፕሮግራሞች ወሬው አይደርሳቸውም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት አንድ ነገር፣ ድምፁ ሌላ ነገር ይናገራል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ውሸት አይደለም፤ ግን ባልንጀራን ያላሰበ መልስ ነው። እዚህ ላይ ትሕትና ማለት የራስ ጆሮ ብቻውን በቂ ምስክር አለመሆኑን ማመን ነው።

አሁን ደግሞ ገምጋሚው ተሳስቷል እንበል። አንዳንድ ቺፖች ሲበሩ፣ መውጫቸው ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ካልተጠበቀ ድምፅ ማጉያው «ጧ» ይላል። ገምጋሚው «ይህ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? አውጣው» ቢልስ? ቺፑ በእጁ ያለው ጸሐፊው ነው። «እሺ» ብሎ ቢያወጣው ትሑት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከክርክር ለመገላገል ሲል ተጠቃሚውን አሳልፎ ሰጥቷል። ያልገባንን ወይም ስሕተት መሆኑን የምናውቀውን «ታርሟል» ማለት ሽንገላ እንጂ ትሕትና አይደለም። የሊኑክስ የሥራ መመሪያ በዚህ ላይ መልካም ምክር አለው፤ አስተያየቱ ኮዱን ባያስለውጥ እንኳ ቀጥሎ የሚያየው ሰው እንዲገባው ምክንያቱ በጽሑፍ ይስፈር ይላል። የገምጋሚው ሐሳብ ትክክል ባይሆንም፣ መጠየቁ ራሱ ማብራሪያ እንደጎደለ አሳይቷልና።

እርማቱ በስድብ ቢመጣስ? ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰዎችን ስለሚናገርበት ሁኔታ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። ስድብ እውነትን ሐሰት አያደርገውም፤ እውነትም ስድብን ጽድቅ አያደርገውም። ሁለቱን ለይተን ፍሬውን እንውሰድ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን አንብቡ። አጵሎስ የተማረና አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ያረሙት ግን ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። በጉባኤ ፊት አላዋረዱትም፤ ወስደው በዝርዝር አስረዱት። አጵሎስ ምን እንደመለሰላቸው ሉቃስ አልጻፈልንም። የጻፈልን በኋላ በአካይያ ያሉትን አማኞች እጅግ እንደጠቀመ ነው።

ስለዚህ በመዘምራን ልምምድ ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችሁ እርማት ሲመጣ፣ «ስሜ ምን ይሆናል?» ከማለታችሁ በፊት «በዚህ ሥራ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እርማቱ ትክክል ከሆነ አመስግናችሁ አስተካክሉ፤ ካልሆነ ምክንያታችሁን በየዋህነት አስረዱ። ሁለቱም ለእውነት መታዘዝ ነው። ጌታ ለሁለቱም ጸጋውን ያብዛልን።