ልስላሴው ለማን ነው?

ጫፉ ኳስ የሆነ መቁረጫ ብረት ላይ ሲመላለስ ከኋላው ትልም ይተዋል። ገበሬ ሁለት ትልም ጎን ለጎን ሲያወጣ በመካከል አፈር ከፍ ብሎ እንደሚቀር ሁሉ፣ እዚህም በሁለት መስመሮች መካከል ቀጭን ሸንተረር ይቀራል። ገጹን ሸካራ የሚያደርገው አንዱ ይኸው ነው። መቁረጫው 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረውና መስመሮቹ በ0.5 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ የሸንተረሩ ከፍታ 6 ማይክሮን ገደማ ነው። ርቀቱን በግማሽ ስንቀንስ ከፍታው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መስመሮቹ ግን እጥፍ ይሆናሉ፣ የማሽኑም ሰዓት አብሮ ይጨምራል።

ባለ አምስት አክሲስ ፍሬዛ ሌላም መላ አለው። ኳሱ መሃል ጫፉ ላይ የመቁረጥ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ብረቱን አይቆርጠውም፣ ያሸዋል እንጂ። መቁረጫውን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት በጎኑ ይቆርጣል፤ ገጹም ይጠራል። ታዲያ ዘንበል የሚልበት አቅጣጫ በድንገት ከተለወጠ ማሽኑ ያመነታል፤ ያመነታበት ቦታ ምልክት ይዞ ይቀራል። ጥሩ ፕሮግራመር ማለት እንግዲህ ይህ ማመንታት እንዳይታይ አድርጎ መንገዱን የሚያወጣ ሰው ነው።

በዚህ መንገድ ሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያም ይለሰልሳል፣ የባሕር ሰርጓጅ ፕሮፔለርም ይለሰልሳል። የፕሮፔለሩ ቅርጽ በትክክል ካልወጣ ውሃው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ጠላት ይሰማል። ለዚህ ነው ልስላሴ አንድ ጊዜ የመንግሥታት ጉዳይ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶሺባ ማሽን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ባለ ዘጠኝ አክሲስ የፕሮፔለር ፍሬዛዎችን ለሶቪየት ኅብረት ሸጠ። መቆጣጠሪያውን ያቀረበው የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ነበር። ኮኮም የሚባለው፣ ምዕራባውያንና ጃፓን ለምሥራቁ ጎራ የሚሸጥ ቴክኖሎጂን የሚቆጣጠሩበት ኮሚቴ፣ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ማሽኑ ቀለል ያለ፣ በሁለት አክሲስ ብቻ የሚሠራ ተብሎ ተጻፈ።

ነገሩ በ1987 አደባባይ ሲወጣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የቶሺባን ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። የእናት ኩባንያው ሊቀ መንበርና ፕሬዚዳንት ሥራቸውን ለቀቁ። ሬዲዮው ምን በደለ? ይሁን፤ ፖለቲካ ነው።

የሶቪየት ሰርጓጆች ማሽኖቹ ከመምጣታቸው በፊትም ድምፃቸውን መቀነስ ጀምረው ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። ጩኸታቸውን የነገራቸው የዎከር የስለላ ቡድን ነው ይባላል። እንደዚያም ቢሆን እኔን የሚያሳስበኝ የጉዳቱ መጠን አይደለም። የሙያው ሰዎች «እኛ ያለሰለስነው ብረት ነው፣ የት እንደሚገባ የነጋዴው ጉዳይ ነው» ሲሉ ይሰማል። ለአንድ ብሎን ቆራጭ ይህ ሊያስኬድ ይችላል፤ ብሎን የት እንደሚገባ በምን ያውቃል? መንገዱን የሚያሰላው ሰው ግን አክሲሶቹን መቁጠር አለበት። ወረቀት ላይ ሁለት ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ዘጠኝ አክሲስ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ሁለት ነው ብሎ አምኖ ማዘጋጀት ግን አይቻልም። የክንፉን ስፋትና ጥምዘዛ፣ ስንት ማይክሮን እንደተፈለገም የሚያውቀው እሱ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ያነሰ ሥልጣን አለው፣ ልጆችም ያሳድጋል፤ ይህ ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ ያየውን እንዳላየ አያደርገውም።

ከሽያጩ ሰዎች አንዱ የነበረው ካዙኦ ኩማጋይ በ1985 መጨረሻ ፓሪስ ለሚገኘው ኮኮም ጻፈ። ያኔ ማሽኖቹ ሌኒንግራድ ውስጥ ከተተከሉ ቆይተዋል።