የሱፍ አበባ ቁመትና የእኛ ዕድገት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ለሚጨነቁ ሰዎች ሁለት ነገር አስገንዝቧቸዋል። አንደኛው፥ ሰው በመጨነቁ በቁመቱ ላይ አንዲት ክንድ እንኳ መጨመር የማይችል መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ የሜዳ አበቦችን አስተዳደግ እንዲመረምሩ ነው (ማቴ. 6፥27-28)። ልብ እንበል፤ ጌታችን ያሳሰበን ስለ አበቦች ውበት ብቻ ሳይሆን ስለ አስተዳደጋቸውም ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንድ አበባ መርጠን አስተዳደጉን እንመለከታለን።

አበባው የሱፍ አበባ ነው። በጾም ወራት ፍትፍት የምንሠራበት እሾኻሙ የአገራችን ሱፍ በስም ይቀርበዋል እንጂ ሌላ ተክል ነው። የዚህኛው የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር በእርሻም በጓሮም ይተከላል። ዘሩ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ነገር ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን አገር በልዩ እንክብካቤ ያደገ አንድ ተክል 9 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተለክቷል፤ ይህም ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያህል ነው። ያን ሁሉ ቁመት በዚያች ጥፍር በምታህል ዘር ውስጥ ያኖረ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

አሁን ደግሞ የዕድገቱን ፍጥነት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1919 ሪድና ሆላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሱፍ አበባ ተክሎችን ቁመት በየሳምንቱ እየለኩ ውጤቱን ጽፈው አወጡ። በ7ኛው ቀን የተክሎቹ አማካይ ቁመት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በ14ኛው ቀን 36 ደረሰ። በ35ኛው ቀን 131 ሆነ። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ብቻ 38 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨመረ፤ ይህም በየቀኑ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከዚያም ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄደ። ከ77ኛው እስከ 84ኛው ቀን ባለው ሳምንት የጨመረው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፥ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመጨረሻው ልኬት አማካይ ቁመቱ 254 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ የቁጥር ዝርዝር ለእኛ ምን ያስተምረናል? አንድ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ አይቶ ቢፈርድ ተክሉን «ዘገምተኛ ነው» ይለው ነበር። ስድስተኛውን ሳምንት ብቻ ያየ «ይህስ ሰማይ ሊነካ ነው» ይል ነበር። የመጨረሻውን ሳምንት ብቻ ያየ ደግሞ «በቃ፥ ይህ ሞቷል» ይል ነበር። ሦስቱም ይሳሳታሉ፤ የተመለከቱት አንድና ያው ጤነኛ ተክል ነውና።

በመካከላችን «ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ መጣሁ፥ ተማርሁ፥ ዘመርሁ፤ ታዲያ ምን ተለወጥሁ?» እያለ በልቡ የሚያዝን ወጣት አለ። መጀመሪያ የነበረው ትኩሳት ስለ በረደ ብቻ እምነቱ የጠፋ የሚመስለው አለ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጓደኛው ቀድሞት ሲያስተምር አይቶ ተስፋ ቆርጦ የቀረም አለ። ለእነዚህ ሁሉ የምንለው ይህ ነው፦ ዕድገት በየሳምንቱ እኩል አይደለም፤ የአንዱም ሳምንት ከሌላው ሰው ሳምንት ጋር አይመዛዘንም። ሐዋርያው ጳውሎስ እርሱ ተካይ፥ አጵሎስ አጠጪ መሆናቸውን ገልጾ የማሳደጉን ሥራ ለእግዚአብሔር ብቻ ሰጥቷል (1ቆሮ. 3፥6)። አባቶቻችንም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው የተረቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ የዮናስን ቅል እናስብ፤ በአንድ ሌሊት አድጎ በማግሥቱ በትል ተመትቶ ደረቀ (ዮናስ 4)። ፍጥነት ብቻውን የጤንነት ምልክት አይደለም።

ደግሞም ተክሉ ቁመት መጨመሩን ሲያቆም ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም። ቁመቱ ሲቆም ጉልበቱ ወደ ፍሬው ይዞራል። ፍሬው በሞላና በከበደ መጠንም ራሱን ወደ ምድር ይደፋል። ቀና ብሎ የሚታየው ገና ፍሬ ያልያዘው ነው። እንግዲህ «ዕድገቴ ቆመ» የምንልበት ዘመን ምናልባት ፍሬ የምንይዝበት ዘመን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

አበባውንም ቀርበን እንየው። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን ራስ በእውነቱ የብዙ መቶ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳሩን የከበቡት ቢጫዎቹ ከሩቅ ያምራሉ፥ ንብንም ይጠራሉ፤ ዘር ግን አይሰጡም። ዘር የሚሰጡት በመካከል ተጠጋግተው ያሉት፥ ማንም ለይቶ የማያያቸው ናቸው። በማኅበራችንም እንዲሁ ነው። ዩኒፎርም ለብሶ በፊት ቆሞ የሚዘምረው ጥሪው የተከበረ ነው፤ ንቡ የሚመጣው በእርሱ ነውና። ነገር ግን ምንጣፍ የሚያራግፈውን፥ መጋረጃ የምታጥበውን፥ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥረውን ማንም ባያየው ፍሬው በእርሱ ዘንድ አለ። አንዱ ሌላውን አይናቅ፤ ሁሉም በአንድ ግንድ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ወጣቱ የሱፍ አበባ ቀን ቀን ፀሐይን እየተከተለ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ይህ መዞር ራሱ የዕድገት ሥራ ነው። ቀን የግንዱ ምሥራቃዊ ጎን ይበልጥ ስለሚያድግ ራሱ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ሌሊት ደግሞ ምዕራባዊው ጎን ይበልጥ ያድግና ራሱን ወደ ምሥራቅ ይመልሰዋል። እንዳይዞሩ የተደረጉት ተክሎች ዕድገታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እስቲ እናስተውል፤ በሌሊት የሚከተለው ፀሐይ የለም። ጨለማ ነው። እርሱ ግን ፀሐይ ከምትወጣበት አቅጣጫ ቀድሞ ይጠብቃታል። እኛስ ፈተና በከበደብን፥ ሥራ ባጣን፥ በቤታችን ኀዘን በገባ ጊዜ ፊታችንን ወዴት እንመልሳለን? ቤተ ክርስቲያናችን ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ እንድንቆም ታስተምረናለች፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ ይህንኑ ያሳስበናል። ይህ ሥርዓት ፀሐይን ለማምለክ አይደለም፤ የጽድቅ ፀሐይ የሆነውን ክርስቶስን ለመጠበቅ ነው። እንግዲህ የሌሊት ጸሎት ማለት ብርሃን ሳይታይ ብርሃን ወደሚመጣበት ዞሮ መቆም ነው።

ይህ የመዞር ዘመን ግን ለአበባው ለዘወትር አይቆይም። ዕድገቱ ሲፈጸም መዞሩም ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። ወደ ምሥራቅ የቆመው አበባ በጠዋት ፀሐይ ቶሎ ስለሚሞቅ፥ ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ወደ ምዕራብ ካዞሩት ይልቅ እስከ አምስት እጥፍ የሚደርሱ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት እንደሚጎበኙት ታይቷል። ወጣትነት እንዲህ ነው። በወጣትነት በየዕለቱ የምንዞርበት አቅጣጫ ኋላ ጸንተን የምንቀርበት አቅጣጫ ይሆናል። ጠቢቡ ሰሎሞንም ፈጣሪያችንን በጉብዝናችን ወራት እንድናስብ የመከረው ለዚህ ነው (መክ. 12፥1)።

ነገር ግን ምሳሌው እዚህ ላይ ይበቃዋል፤ ሰው አበባ አይደለምና። አበባው የሚዞረው ወዶ ሳይሆን ተፈጥሮው አስገድዶት ነው። ለእኛ ግን ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶናል፤ ስለዚህም ስለ አቅጣጫችን እንጠየቃለን። ደግሞም አበባው ግንዱ ከጸና በኋላ መዞር አይችልም። ሰው ግን እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ድረስ ንስሓ ሊገባ ይችላል፤ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በዚያች ሰዓት ተመልሶ ገነትን ወርሷልና (ሉቃ. 23፥40-43)። ስለዚህ ወጣቱ «ኋላ እዞራለሁ» ብሎ አይዘናጋ፤ የዘገየውም «ጊዜዬ አልፏል» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፥ ቁመታችንን በየቀኑ እየለካን አንጨነቅ። የእኛ ድርሻ ሥራችን በመልካም አፈር ውስጥ መሆኑን፥ ውኃውም እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነው፤ ይኸውም ጸሎት፥ ጾም፥ ቃለ እግዚአብሔርና ቅዱስ ቍርባን ነው። ከመካከላችን የቀረ ጓደኛ ካለም «እርሱማ ደርቋል» ብለን አንፍረድበት፤ የትኛው ሳምንት ላይ እንዳለ አናውቅምና። ይልቁንም በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ከቀሩት አንዱን በቤቱ ሄደን እንጠይቀው። ምናልባት የጎደለው ጥቂት ውኃ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በጥበብና በቁመት ያድግ የነበረ ጌታ (ሉቃ. 2፥52) እኛንም በጸጋው ያሳድገን፤ ፊታችንንም ወደ ብርሃኑ ይመልስልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።