የተበደለው ማን ነው?

እንበል። ከይፋግ ዙሪያ ገጠር የወጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ባሕር ዳር ደህና ሰው ቤት አስገባሻለሁ» ያላትን ደላላ ተከትላ ትሄዳለች። የገባችው ግን መጠጥ ቤት ነው። የመኪናው ሒሳብ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ የምትተኛባት ክፍል፣ የተገዛላት ቀሚስ ሁሉ በስሟ ይጻፋል፤ ዕዳው የሚወርድላት ከደንበኛ ጋር ስታድር ነው። ሁለት ዓመት ቆይታ አምልጣ ትመለሳለች። ደላላው የአገር ልጅ ነውና ነገሩ ለሽማግሌ ይሰጣል። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰምተው ደላላው ለአባትየው ካሳ እንዲከፍል፣ ሁለቱ ቤተሰቦችም እንዲታረቁ ይፈርዳሉ። ይቅር ለእግዜር ይባባላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቱ ጓዳ ናት፤ ለሽማግሌዎቹ ቡና ታፈላለች።

ይህን ያመጣሁት ሽማግሌዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ሽምግልና ባይኖር ይፋግ ባለችበት በደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም ወረዳ ስንት ደም በፈሰሰ ነበር። የሚያሳስበኝ ከፍርዱ ጀርባ ያለው ያልተነገረ መልስ ነው። ካሳ የሚከፈለው ለተበዳይ ነው፤ ለአባት ከተከፈለ የተበደለው አባት ነው ማለት ነው። ዕርቁ በሁለት ቤተሰብ መካከል ከሆነም የተጣሉት ቤተሰቦቹ ናቸው። ልጅቱ የጠቡ ምክንያት እንጂ ባለጉዳይ አይደለችም። በወሲብ የተበዘበዙ ሴቶችንና ልጆችን መልሶ ስለማቋቋም ከመነጋገራችን በፊት እንግዲህ የተበደለው ማን እንደሆነ መስማማት አለብን፤ ሳንስማማ የምንሰጠው እርዳታ የሌላ ሰው ቁስል ላይ ያርፋል።

የሽማግሌዎቹ መልስ የገጠር መልስ ብቻ አይምሰለን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮ ነጻ አወጣት፤ «ድፍረት» የተባለው ፊልም የእሷ ታሪክ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በመጨረሻ ያንን ማምለጫ ዘጋው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን የ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 2114 ለተደፈረችው ሴት ካሳ ሊወሰን እንደሚችል ከተናገረ በኋላ ለባሏ ወይም ለቤተሰቧም ሊሰጥ እንደሚችል ይጨምራል። ቁጥር 2116 ደግሞ የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጧል። ሽማግሌዎቹና ፓርላማው የተመካከሩ ይመስላሉ።

የተበደለችው እሷ ራሷ ከሆነች ታዲያ የተወሰደባት ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ክብሯ» ይላል። ክብር ሲሉ የሰፈር ዓይን የሚሰፍረውን ከሆነ ግን ዞረን አባትየው ዘንድ ደረስን፤ ክብሯ ሌሎች እጅ ያለ ንብረት ሆነ። እኔ የተወሰደባት እምቢታዋ ነው እላለሁ። እምቢ ማለትን አፍ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ጥያቄው እምቢ ካለች በኋላ የት ታድራለች ነው። እምቢታዋ የዚያን ሌሊት እራትና መኝታ የሚያሳጣት፣ ዱላም የሚያመጣባት ከሆነ፣ ቃሉ አላት እንጂ እምቢታው የላትም። መልሶ ማቋቋም ማለት የሚሠራ እምቢታ በእጇ ማስገባት ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መሣሪያ ነው።

«ደሃ ሁሉ እንዲሁ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ከዚሁ ወረዳ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው ወጣትም ለአሠሪው እምቢ ለማለት አቅም የለውም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምን የመታው የካላዛር ወረርሽኝ ከዚያ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ አልቀረም። ይሁንና እሱ ታሞም ቢሆን ሲመለስ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል፤ ለትዳር ይበቃል ወይ ብሎ የሚሾካሾክበት የለም። ከእሷ የተወሰደው ጉልበቷና ጤናዋ ብቻ ሳይሆን የመመለሻ ቦታዋም ነው።

ይህ አገር ነጻ አውጥቶ መተውን ያውቀዋል። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ወደ ጎንደርና ወደ መተማ በሚወጣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ የታወቀ ገበያ ነበር። በዚያ መንገድ ከአሞሌውና ከቡናው ጋር ባሪያዎች ያልፉ ነበር፤ ብዙዎቹም ልጃገረዶች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ነጻ ነሽ የተባለችው ሴት ግን የምታርሰው መሬትም የምትገባበት ቤትም ስላልነበራት፣ ስንቷ በቀድሞ ጌታዋ ቤት ገረድ ሆና ቀረች። አዋጁ ሐሰት አልነበረም። መቆሚያ ግን አልሰጠም።

በዚህ መስፈሪያ የዛሬውን እርዳታ እንየው። ሥልጠናዎቹ ይታወቃሉ፤ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ሥራ፣ ዶሮ እርባታ፣ ጀበና ቡና። የመጨረሻውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ረከቦት፣ ሲኒ፣ ጀበና፣ የከሰል ምድጃ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበር፣ ለመሬቱ ቄጠማ። መነሻው ትንሽ ስለሆነ ለጋሽ ይወደዋል፤ ፎቶም ያምርበታል። ግን መንገድ ዳር ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? የከባድ መኪናው ሹፌር፣ ረዳቱ፣ የባጃጅ ነጂው፤ ከእነዚህ አንዱ ትናንት በሌላ ሥራዋ የሚያውቃት ነው። «ቡና ብቻ ነው እንዴ ያለሽ?» ይላታል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። አብራ ከሳቀች ነገሩ ተጀመረ። ከተቆጣች ወንበሮቹ ይራቆታሉ፤ የቦታው ኪራይ ግን አይቀርም። በጀበና ቡና ልጆቿን በክብር ያሳደገች ሴት በየከተማው እንዳለች አላጣሁትም። የምለው ሰልጣኟን «ደንበኞችሽ እነማን ይሆናሉ?» ብሎ ሳይጠይቁ ጀበና ማስታቀፍ የቀድሞውን በር በሌላ ቀለም መቀባት ነው።

ስፌት መኪና ተሰጣት እንበል። ቤት ለመከራየት፣ የባንክ ደብተር ለማውጣት፣ ንግድ ፈቃድ ለመጠየቅ መታወቂያ ያስፈልጋታል። ለመታወቂያው ከቀድሞ ቀበሌሽ መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛውን የሚጽፈው ሸሽታ የወጣችበት ቀበሌ ነው፤ የት እንደነበረች የሚጠይቃት ሰውም ምናልባት የደላላው አጎት ነው። ስለዚህ አትሄድም። መታወቂያ የማይጠይቃት አከራይ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት። ዕድሜዋም ወረቀት የለውም። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደች የገጠር ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንደሆነ ለፍርድ ቤት የሚነገረው በሐኪም ግምት ነው። በዚያች ግምት ላይ በልጅ ላይ ለተፈጸመ የወሲብ ጥቃት ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚያስቀጣው አንቀጽና ልጅቱ ከአሥራ ሦስት በታች ስትሆን ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚያስቀጣው መካከል ያለው ልዩነት ተንጠልጥሏል።

ሌላው የምትከፍለው ዋጋ ታሪኳ ነው። ለፖሊስ ትናገራለች፣ ለነርሷ፣ ለዓቃቤ ሕጉ፣ ለመዝጋቢው፣ ሊጎበኝ ለመጣው እንግዳ። ታሪኩ ሲያስለቅስ እርዳታው ይፈጥናል፤ ሳታለቅስ የተናገረች ትጠረጠራለች። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልና በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዓቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኙት ይህን መመላለስ ለማሳጠር ነው። ሕጉ ራሱ በአንድ ቦታ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 552 መሠረት ከመደፈር የተፀነሰን ፅንስ ለማቋረጥ የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል፤ ምስክር አምጪ አትባልም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ጊዜ አይጠብቅም፤ አንዲት ውሸታም በማመን ከሚደርሰው ጉዳት እውነተኛዋን ባለማመን የሚደርሰው ይብሳል። ይኸው ምክንያት ለመጠለያም ለመታወቂያም ይሠራል። ሰውን ለማሰር ግን አይሠራም፤ እዚያ የሌላ ሰው ነጻነት አለና ማስረጃው መቅረብ አለበት። እኛ ያደረግነው ለእስራቱ የሚጠየቀውን ማስረጃ ለአልጋውም መጠየቅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ክርክር ከባድ ነው፤ «ፈልጋ የገባችውስ?» በመሣሪያ ለተገደደችው ማዘን አይከብደንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር በነፋስ መውጫ የሕወሓት ተዋጊዎች የፈጸሙትን አስገድዶ መድፈር አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አውጥቷል። በትግራይም በአፋርም በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶች እንባ ያስለቅሱናል፤ ያስለቅሱን። የአረቄ ቤቷ ልጅ ግን ከዚህ ኀዘን ውጭ ናት፤ ማንም አልደገነባትማ። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ የፈቃድ ነገር አይነሳም፤ በሰው መነገድን የሚከለክለው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም እንዲሁ ይላል። ትልቋን ሴት በተመለከተ ሕጋችን አካሏን ስለሸጠች አይቀጣትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 የሚቀጣው በእሷ ገላ የሚተዳደረውን አገናኝና ቤቱን ለዚያ የሚያውለውን ባለቤት ነው። ከተማው ግን ገልብጦ ያነበዋል። እሷ በጎን ትታያለች፤ ባለቤቱ ዕድር ላይ ዳኛ ነው። ኪራዩን ያገኘው፣ ግብሩን የሰበሰበው፣ መጠጡን ያከፋፈለው ሁሉ ከትርፉ ደርሶታል። ለእሷ የሚሰጠው እንግዲህ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። ባለዕዳ ደግሞ ገንዘቡን ሲመልስ የአበዳሪውን ጠባይ አይመረምርም።

ከይፋግ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ሲወጣ እንፍራንዝ አለ። ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ተጠግቶ የኖረው፣ «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፉንም የጻፈው እዚያ ነው ይባላል፤ መጽሐፉ በእርግጥ የማን ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር ገና አልተዘጋም። በመጽሐፉ እንደምናነበው የሀብቱን ቤት ሠራተኛ ኂሩትን ሊያገባ ሲጠይቅ፣ ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ናት ይለዋል። እሱም ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ጌታዋ መሆን አልሻም ብሎ ይመልሳል። ለዘመኑ ትልቅ መልስ ነው። ጨዋታው ግን መጀመሪያ የተያዘው በሁለት ወንዶች መካከል ነበር። ከባለቤትነት ነጻ ያደረጋት ሰው እንኳን ንግግሩን የጀመረው ከጌታዋ ጋር ነው። ዛሬም ስለ እሷ ስብሰባ እንጠራለን፤ እሷ ውጭ ወንበር ላይ ትጠብቃለች።

የእኔ አሳብ የሚፈተነው መጠለያው በር ላይ ነው። እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ ድርጅቶች መጠለያቸውን በሚስጥር ይይዛሉ፤ አሳዳጅ አለና ልክ ናቸው። ነገር ግን እምቢታን ለመመለስ የተሠራ ቤት «መውጣት እፈልጋለሁ» ስትለው ምን ይመልስ? የሃያ አምስት ዓመት ሴት ከሆነች በሩ ይከፈትላት። ወደ መጠጥ ቤቱ ብትመለስም ገንዘባችን ፈሰሰ አይባልም፤ እንደገና ስትመጣ ያለ ወቀሳ ከተቀበልናት አሁንም መሄጃ አላት፣ ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ እንደ ድሮው አይደፍራትም። የአሥራ አራት ዓመቷ ግን ትለያለች። እሷን እምቢ ብትልም እናቆያታለን፤ ይህም ከራሴ ክርክር ጋር ይጋጫል። ግጭቱን የሚያለዝበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያው ቤት ውስጥ እምቢ የምትልባቸው ነገሮች በየቀኑ መብዛታቸው። ታሪኬን አልናገርም፣ ፎቶ አልነሳም፣ ስፌት አልፈልግም ትምህርት ቤት እገባለሁ፣ ወደ አባቴ ቤት አልመለስም። የመጨረሻዋን በተለይ እንስማት። ከቤተሰብ ማቀላቀል በሪፖርት ላይ እንደ ድል ይቆጠራል፤ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ ከዚያው ቤት ለሸሸች ልጅ ግን ድሉ የማን እንደሆነ አይገባኝም።

የ1000 ብሩን ጣሪያ የሚያነሳው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነውና ይዘገይ ይሆናል። ከመጠለያ ለወጣች ሴት ያለ መሸኛ መታወቂያ እንዲሰጥ ማድረግ ግን ከወረዳ ሊጀመር የሚችል ይመስለኛል። የሊቦ ከምከም፣ የፎገራና የባሕር ዳር አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ይህ አዲስ በጀት አይጠይቃችሁም፤ ለቀበሌዎቻችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉ።