አብሮ የሄደ ሁሉ መንስኤ ነው?

አንድ በሽታ ከምን እንደሚመጣ «አወቅን» ለማለት ምን ያህል ማወቅ ይበቃል? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ቢመስልም ገንዘብና ሕይወት የሚያዝበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ተመራማሪዎች በሴልና በእንስሳ ላይ በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ይከታተላሉ፤ ከመንገዱ አንዱን ፕሮቲን መርጠውም «ይህን ብንገታው በሽታው ይቆማል» ይላሉ። ኢላማ የሚሉት ያንን ነው። ምርጫው ስለ መንስኤ የተሰጠ ፍርድ ነው።

«ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚባለውን ኤችዲኤልን እንውሰድ። በደማቸው ኤችዲኤል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ለልብ ሕመም እምብዛም እንደማይጋለጡ ለአሥርተ ዓመታት ታይቷል። ማብራሪያውም ያሳምን ነበር፦ ኤችዲኤል ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ኮሌስትሮል እያነሳ ወደ ጉበት ይመልሳል፤ ሲኢቲፒ የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ያንን ኮሌስትሮል ከኤችዲኤል ወስዶ ለሌሎች ቅንጣቶች ያስተላልፋል። እንግዲያው ሲኢቲፒ ቢገታ ኤችዲኤል ይበዛል፣ ልብም ይተርፋል ተባለ። አይጥ ለዚህ ሙከራ አትሆንም፤ በተፈጥሮዋ ሲኢቲፒ የላትም። ጥንቸል ግን በብዛት አላት። እንዲህ ባለው ሙከራ የተለመደው አሠራር ኮሌስትሮል የበዛበት መኖ የበላችውን ጥንቸል ዋና የደም ቧንቧ በቁመቱ ሰንጥቆ መዘርጋት፣ ስብን በሚያቀላ ቀለም መንከርና የቀላውን ቦታ ስፋት መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች ሲኢቲፒን የሚገታ መድኃኒት የጥንቸሎችን ደም ሥር በእጅጉ ከጉዳት እንደጠበቀ በ«ኔቸር» መጽሔት አሳተሙ።

ተራው የሰው ሆነ። የፋይዘር ኩባንያ የሲኢቲፒ መግቻ የሆነው ቶርሴትራፒብ ከ15,000 በላይ በሽተኞች በተሳተፉበት ጥናት ተሞከረ። ኤችዲኤል በ72 በመቶ ጨመረ፤ የታሰበው ሁሉ ተሳካ ማለት ነው። ይሁንና ጥናቱ በ2006 መጨረሻ በአስቸኳይ ሲቋረጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 82፣ ካልወሰዱት 51 ሰዎች ሞተው ነበር።

መድኃኒቱ የደም ግፊት ከፍ ያደርግ ስለነበር ጥፋቱ የሐሳቡ ሳይሆን የዚያ ኬሚካል ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ተገቢ ክርክር ነበር። ሆኖም ሌሎች የሲኢቲፒ መግቻዎች፣ ዳልሴትራፒብ በ2012፣ ኤቫሴትራፒብ በ2015፣ ሁለቱም ኤችዲኤልን ከፍ አድርገው ልብን ሳይጠቅሙ ቀሩ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ በማብራሪያው ውስጥ ሐሰት አለመኖሩ ነው። ኤችዲኤል በእርግጥ ኮሌስትሮል ይሸከማል፤ ሲኢቲፒ በእርግጥ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ደረጃ እውነት ሆኖ ሳለ ሰንሰለቱ በሽታውን አላንቀሳቀሰውም። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም የምናየው የነገሮችን መከታተል እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስገድድበትን ኃይል አይደለም ሲል የጠረጠረውን ዛሬ በሞለኪውል ደረጃ እያየነው ነው። ዝርዝር ሲበዛ እምነታችን ይጠነክራል፤ ዝርዝሩ ግን ማስረጃ አይሆንም። መንስኤን ለመለየት ሌላውን ሁሉ ባለበት ትቶ አንዱን ብቻ መንካት ያስፈልጋል። በሰው ላይ ደግሞ ይህን ለዕድሜ ልክ ማድረግ ማን ይደፍራል?

ተፈጥሮ ግን ታደርገዋለች። በ2003 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ከልክ ያለፈ ኮሌስትሮል ፒሲኤስኬ9 ከሚባል ዘረመል ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ጉበት «መጥፎውን ኮሌስትሮል» ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምበት መቀበያ አለው። መቀበያው ጭነቱን ወደ ሴሉ ውስጥ አራግፎ ወደ ገጹ ይመለሳል፤ ከዚህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን ከተጣበቀበት ግን አይመለስም፣ እዚያው ይፈጫል። ተመራማሪዎቹ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮሄን በዳላስ ተቃራኒውን ጠየቁ፦ ይህ ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎችስ እንዴት ናቸው? በ2006 ባወጡት ጥናት ከ3,363 ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ለውጥ ነበራቸው። ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ያነሰ ሲሆን በ15 ዓመት ክትትል በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ክኒን አልዋጡም፤ በፅንስ ጊዜ የደረሳቸው ዕጣ ብቻ ነው። በ2015 ይህንን ፕሮቲን የሚይዙ ሁለት መድኃኒቶች ፈቃድ አገኙ።

ያው ጥያቄ በ2012 ለኤችዲኤልም ቀረበ። ኤችዲኤልን ብቻ ከፍ የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ የወረሱ ሰዎች በልብ ድንገተኛ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው አላነሰም። መልሱ ቀድሞውኑ በሰዎች ደም ውስጥ ነበር። ይህ ማለት ጥንቸሏ ከንቱ ናት ማለት አይደለም። የዘረመል ማስረጃም የራሱ ገደብ አለው፦ አንድ ዘረመል ከአንድ በላይ ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ከልደት ጀምሮ ዝቅ ያለ ኮሌስትሮልና በስልሳ ዓመት የተጀመረ መድኃኒትም እኩል አይደሉም። ቅደም ተከተሉን ግን መቀየር ነበረብን ብዬ አምናለሁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለአደጋ ከመጋለጣቸው በፊት ዕጣው የደረሳቸውን መጠየቅ ይቀድማል።

የሚጠየቁት እነማን ናቸው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያው የ2006 ጥናት በነጭ ተሳታፊዎች የተገኘው ሌላ ለውጥ ኤልዲኤልን የቀነሰው በ15 በመቶ ገደማ ነበር። ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከአፍሪካ ዘር ከሆኑት ነው። ዓለም ኢላማ የሚመርጥባቸው የዘረመል መዛግብት ግን አሁንም በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች የተሞሉ ናቸው፤ ከጎንደር ወይም ከጂንካ የመጣ ሰው ደም በእነዚያ መዛግብት ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።