ሳይቸግር ስለሚሰፋ ከረጢት

አባቶቻችን ሥራ ፈትን ሲነቅፉ ብዙ ተናግረዋል፤ ዳሩ ግን ሥራ ፈት እንዳይባል ብቻ ሲል የማይረባ ሥራ የሚሠራውንም ሳይነቅፉት አላለፉም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ተረት የተተረተው ስለዚህ ነው፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውም ከዚሁ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ሰው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ይነቀፋል፤ ሳይቸግረው ቢሠራም ይነቀፋል። በእነዚህ በሁለቱ ነቀፋዎች መካከል የሚያልፍ መንገድ አለን ወይስ የለም? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሳንጃ ላይ ከአንዲት ሴት በረንዳ ተቀምጬ ነው እንጂ።

ሳንጃ ከጎንደር በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሑመራ ሲወርዱ የምትገኝ የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። አገሩ ቈላ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ ጥጥም ያበቅላል፤ ሰሊጡ በሚታጨድበት ወራት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘመዴ ተዝካር ወደዚያ ወርጄ ሳለሁ ያሳደሩኝ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም አድገው ወጥተዋል፤ ጡረታቸውና የሚያከራዩት ቤት ለኑሯቸው ይበቃል። እኚህ እመቤት ከቀትር በኋላ፥ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ በሚያስቀምጥበት ሰዓት፥ ከበረንዳቸው ሆነው ከረጢት ይሰፋሉ።

ከረጢት ስል አንባቢ የገንዘብ ከረጢት እንዳይመስለው፤ መጽሐፍ ወይም እንጀራ ወይም ቅያሪ ልብስ የሚይዝ፥ ከትከሻ የሚነገት ነው። ጨርቁ ከየትም ይመጣል፤ ካለቀ ጋቢ ደኅናው ጫፍ ይቈረጣል፤ ከልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ትራፊ፥ ከመጋረጃ ቅዳጅ፥ ሰሊጥ ተጭኖበት ከነበረ ጆንያም ይገኛል። ጆንያውን በውጭ፥ ጋቢውን በውስጥ ያደርጉታል፤ ይኸውም ውጩ ለጥንካሬ ውስጡ ለልስላሴ እንዲሆን ነው። ሲሰፉትም መልኩን ወደ ውስጥ ገልብጠው ይሰፉና ሲጨርሱ ይመልሱታል፤ ስለዚህ ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ ይቀራል። መርፌዋም ወደ ፊት ብቻ አትሄድም፤ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ሁለት ርምጃ ወደ ፊት ትወጣለች። አንዱ ቦታ ክሩ ቢበጠስ ሌላው እንዳይተረተር የሚያደርገው ይህ ወደ ኋላ መመለሷ ነው አሉኝ። የትናንቱን ሳይከልስ የዛሬውን ቀለም የማይቀበል ተማሪ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ አየሁ።

በዚያ ቀን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣ ነበር። «የኔታ፥ እስቲ ይፍረዱን» አለኝ። «እትዬ ከገበያ ወርደው በአንድ ሰዓት የሚገዙትን ስድስት ቀን ይለፉበታል። አይሸጡት፤ አይቸግራቸው። ይህ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» እመቤቲቱ ዐይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ «ልጄ፥ ሥራም ከሆነ ደመወዝ አልጠየቅሁህም፤ ጨዋታም ከሆነ ከጨዋታህ አላስወጣሁህም» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም በሳቁ ተከልዬ ሳልፈርድ አመለጥሁ። የተጠየቀ ሰው ግን ቢዘገይም መመለስ አለበትና እነሆ አሁን እሞክራለሁ።

በአገራችን ልማድ እንዝርትና ወስፌ የሴት፥ መርፌና የሸማኔ መወርወሪያ የወንድ ነበሩ፤ በጥንት ጊዜ ልብስ ሰፊው ወንድ ነው። የእጅ ሥራ ግን በወንድም እጅ ሆኖ ክብር አላገኘም። ሸማኔውን፥ ፋቂውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪውን በሥራው መስደብ የጨዋነት ምልክት ይመስል ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስለዚህ ነው። ነጋዴው «ጨዋታ» ሲል ሰደባቸው አልልም፤ ሰውየው ደግ ሰው ነው። ነገር ግን እጅ የሠራውን ነገር ሁሉ በገበያ ዋጋ ብቻ መመዘን የዚያ የጥንቱ ንቀት ታናሽ ወንድም ይመስለኛል። ያን ጊዜ በእጁ የሚሠራ ሰው ድኻ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ ድኻ ሳይሆን የሚሠራ ሰው ሞኝ ነው ተብሎ ይናቃል።

(በመካከሉ አንድ የቅኔ ቤት ጨዋታ ልጨምር። በአማርኛችን «ሰፋ» የሚለው ቃል መልኩ አንድ ሲሆን ሥሩ ሁለት ነው፤ መርፌና ክር ያለበት ከግእዙ «ሰፈየ»፥ ስፋት ያለበት ደግሞ «ሰፍሐ» ከሚለው የመጣ ነው። ለቅኔ ልጅ ይህ እንደ ተከፈተ በር ነውና ለእመቤቲቱ ነገርኋቸው። «የኔታ፥ እኔ ሰፋሁ እንጂ ቤቴ አልሰፋም» አሉኝ። ሳይማሩ ከእኔ ቀድመው ዘረፉት።)

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ የሰውን ሥራ በሁለት ይከፍላል። አንዱ ፍጻሜው ከሥራው ውጭ ያለ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ቤቱ ይሠራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል። ሁለተኛው ፍጻሜው በራሱ ውስጥ ያለ ነው፤ መልካም አድራጎት ከመልካምነቱ ሌላ የሚጠብቀው የለውም። በዚያው መጽሐፍ በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሰው የሚደክመው ዕረፍትን ለማግኘት ነው ይላል። ግሪኮች ይህን ዕረፍት «ስኮሌ» ይሉታል፤ የፈረንጆች ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከዚህ ቃል ነው። ስለዚህ ስኮሌ ማለት ሥራ መፍታት አይደለም፤ ሰው ከግዴታ ነፃ ሆኖ አንድን ነገር ስለ ራሱ ስለ ነገሩ ሲል የሚያደርግበት ጊዜ ነው እንጂ። ይህን ስናነብ ለሳንጃዪቱ እመቤት ጠበቃ ያገኘን ይመስላል። ዳሩ ግን ያው ፈላስፋ በሌላ መጽሐፉ ባለ እጅን ዝቅ አድርጎ ይናገራልና፥ ከበረንዳዋ ቢቀርብ ከነጋዴው ጋር ቡና ይጠጣ እንደ ነበር እጠረጥራለሁ።

እኔ ግን የተመለከትሁት ከረጢቱ ከሁለቱም ክፍል ሳይገባ መቅረቱን ነው። እመቤቲቱ የሚሰፉት ደስ ስለሚላቸው ነው፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም። ነገር ግን ደስታው ከነገሩ ሊለይ አይችልም። አንድ ቀን ማንገቻው ሸክም የማይችል ሆኖ ቢያገኙት የሦስት ቀን ስፌት ፈቱ፤ ለማን እንደሚሰጡት ገና አያውቁም፥ ግን ፈቱት። ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ ቢሆንማ ጊዜው ከነብልሹው ማንገቻም ጋር አልፏል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሥራ ደስ የሚያሰኘው በእውነት የሚጠቅም ነገር ሲሆን ነው፤ የማይጠቅም መሆኑ ከታወቀ ደስታውም አብሮ ይተረተራል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ከበረሃ ይመጣብናል። ዮሐንስ ካስያኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ መነኰሳት ሥርዐት በጻፈው መጽሐፍ ስለ አንድ አባ ጳውሎስ ይተርካል (ይህ ቀዳሚው ባሕታዊ አባ ጳውሊ አይደለም)። ይህ አባት የቴምሩ ፍሬና ታናሽ አትክልቱ ይመግበው ነበር፤ በዓቱ ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይርቃል፤ ሥራውን ወደ ገበያ ቢልክ ለማመላለሻ የሚከፈለው ከዋጋው ይበልጣል። ቢሆንም በሥራ እንደሚኖር ሰው በየቀኑ የሰሌን ቅጠል ይሰበስባል፥ ይሠራል። ዓመት ሲሞላና ዋሻው በሥራው ሲሞላ በእሳት ያቃጥለዋል፤ ደግሞ እንደ ገና ይጀምራል። ይህንም ያደረገ ያለ እጅ ሥራ ልብ እንደማይረጋ ስላወቀ ነው።

በወጣትነቴ ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ አደነቅሁ። ዛሬ ግን ዕድሜዬ ከኀምሳ አልፎ ሳየው፥ ብዙዎቻችን ከታሪኩ እሳቱን ይዘን መንገዱን የረሳን ይመስለኛል። አባ ጳውሎስ ያቃጠለው ሥራው ከንቱ ስለሆነ አይደለም፤ ባልንጀራው የሰባት ቀን መንገድ ስለ ራቀው ነው። በሳንጃ ግን ባልንጀራ የሰባት ቀን መንገድ አይርቅም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ሲገባ፥ እመቤቲቱ ዕቃውን በእጁ ታቅፎ የሚሄድ ሕፃን አየን የሚል ወሬ ሰምተው፥ ከሣጥን ያኖሯቸውን ከረጢቶች ሁሉ ወደዚያ ለሚወርድ ሰው ሰጡ። ስንት ነበሩ ብላቸው አልቈጠርሁም አሉኝ። የሰሊጥ አጫጁ ሠራተኛም ቢሆን ከደጋ ሲወርድ ልብሱን በምን ቋጥሮ እንደሚወርድ ያየ ያውቃል። እንግዲህ ሠርቶ ማቃጠል ለበረሃ ሰው ብልኀት ከሆነ፥ ለከተማ ሰው ብክነት ነው። ሠርቶ ከሣጥን ማኖር ደግሞ ከማቃጠል የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በሌላ ሰው ሳላሳብብ በራሴ እናገራለሁ።

በቅኔ ቤት ሳለሁ እጄ ለሥራ ፈጣን ነበረ። በአንድ ክረምት ከሰሌን አኮፋዳ ሠራሁ፤ አፉን በቀይ ቈዳ ከፈፍሁት፥ ማንገቻውንም ሦስት እጥፍ አድርጌ በጅማት ሰፋሁት። የቀድሞው አኮፋዳዬ ገና ደኅና ነበረ፤ ይህኛው ሳይቸግር የተሠራ ነው። በእነዚያ ቀኖች እንደ ነበርሁ ያለ ደስተኛ ሆኜ አላውቅም፤ ቅኔውም ይቀናኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሕፃን ተማሪ ከሩቅ አገር መጣ። አኮፋዳው ከሥሩ ተቀዷልና የለመነው ቈሎና ቍራሽ በመንገድ ይንጠባጠብበታል። የኔታ አይተው «ልጄ፥ አዲሱን ለዚህ ሕፃን ስጠውና አንተ ሌላ ሥራ፤ እጅህ ያውቅ የለም?» አሉኝ። «እሺ የኔታ» አልሁ። ማታ ግን ከጎጆዬ ክዳን ሥር ሸሸግሁት፥ በማግሥቱም «ተሰረቀብኝ» አልሁ። የኔታ አዩኝ እንጂ ምንም አልተናገሩም። ሕፃኑ ትምህርቱን ሳይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከረኃብ ይሁን ከናፍቆት አላወቅሁም። አኮፋዳውን ግን ከዚያ ወዲያ ልነግተው አልቻልሁም፤ ተሰረቀ የተባለ ዕቃ እንዴት ተደርጎ በሰው ፊት ይነገታል? ከክዳኑ ሥር እንዳለ አይጥ በላው።

ስለዚህ ነገሩን ስመረምር በስፌቱ ቀን ኀጢአት አላገኝበትም፤ ደስታዬም ንጹሕ ነበረ። ነገሩ የተበላሸው የእኔ እጅ ሥራ መሆኑ የእኔ ብቻ ይሁን ወደ ማለት በዞረ ጊዜ ነው። በሉቃስ ወንጌል 12ኛው ምዕራፍ የማያረጅ ከረጢት ስለ ማዘጋጀት የተነገረውን መምህራን ስለ ምጽዋት ነው ብለው ይተረጕሙታል። እኔም ከአኮፋዳው በኋላ ይህን ስሰማ የምሰማው እንደ ምሥጢር አይደለም፤ ስለ ሰሌንና ስለ ቈዳ እንደ ተነገረ ነገር ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። በሳንጃ ገበያ በእግር በሚረገጥ መኪና የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ጨዋታውን ሰምቶ «የኔታ፥ እኔ በምሰፋው የምበላ ነኝ፤ እትዬ በነፃ ሲሰጡ ከእኔ ማን ይገዛል?» አለኝ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር በ1831 በፓሪስ ከተማ ልብስ ሰፊዎች ተሰብስበው የባርተለሚ ቲሞኒዬን የስፌት መኪናዎች የሰባበሩት እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ነው። ዛሬ እንጀራ ሆኖ የምናየው የእግር መኪና ራሱ በዚያ ዘመን እንጀራ ነጣቂ ነበረ። እመቤቲቱ ደግሞ ሰውየውን አልዘነጉትም፤ መርፌ የማይደፍረውን የማንገቻ ወፍራም ጫፍ ለእርሱ ወስደው በዋጋ ያሰፋሉ፤ ክሩንም ከእርሱ ይገዛሉ፤ መግዛት ለሚችል ሰውም አይሰጡም። የማይገዛ ድኻ ቢቀበል ከልብስ ሰፊው ምንም አይጐድልም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዛሬ የማይገዛው ሰው ነገ የሚገዛ መሆኑን አስቀድሞ ማን ያውቃል? ልብስ ሰፊው በነገርሁት አልረካም፤ እኔም አልፈረድሁበትም።

ምናልባት ለሁለቱም የሚበቃ ሥራ እየመጣ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቈሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። አዋጅ ፌስታልን ሊከለክል ይችላል፤ ከረጢት ሊሰፋ ግን አይችልም። በቈላው ዛፍና እሾህ ላይ ተሰቅሎ የሚውለበለበውን ያየ ሰው ይህን ነገር እንደ ቀልድ አይቈጥረውም።

ከሳንጃ ስነሣ እመቤቲቱ አንድ ከረጢት ሰጡኝ፤ ውጩ ጆንያ፥ ውስጡ ጋቢ ነው። «የኔታ፥ ለዳዊትዎ ይሁን፤ ደግሞ ለሚያስፈልገው ሰው ቢሰጡት አልቀየምም፤ ሌላ እሰፋለሁ» አሉኝ። ከተመለስሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ዳዊቴን በእርሱ አኑሬ ከራስጌዬ ሰቅየዋለሁ፤ ስፌቱንም አንዳንድ ጊዜ ገልብጬ አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአርማጭሆ አንድ ልጅ ቅኔ ሊማር መጣ፤ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል፤ ፌስታሉም ከአንድ ወገን ተቀዷል። ከረጢቱን እስካሁን አልሰጠሁትም።