ጭንጫ ላይ ቆማችሁ ዝናብን አትክሰሱ

የጉናን ተዳፋት የምታርሱ፣ በእብናትና በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ኮረብታ ላይ ዘር የምትበትኑ፣ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ኩበት ገዝታችሁ የምታነዱ፣ በየቢሮው ተቀምጣችሁ የእርከን ሪፖርት የምታደራጁ፣ በየደብሩ ጸሎት የምትመሩ አባቶች፣ ይህ ቃል ለሁላችንም ነው። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ሰማይ ጨከነብን ማለት ለምደናል። ምሕላ እንይዛለን፤ ምሕላውስ መልካም ነበር። ነገር ግን የወረደልንን ዝናብ የሚይዘውን አፈር በገዛ እጃችን ለጎርፍ ሰጥተን ስናበቃ፣ በምን ፊታችን ሌላ ዝናብ እንለምናለን?

ከከተማው ወጥታችሁ በጋይንት መንገድ ጥቂት ሂዱና አንዱን የተራቆተ ኮረብታ ውጡ። በሬ ተጠምዶ ከሆነ ቆማችሁ አድምጡ፤ የማረሻው ብረት ከጠጠር ጋር ሲፋጭ ይሰማችኋል። ዱላችሁን ትከሉት፤ ስንዝር ሳይገባ ጥቁር ድንጋይ ይመልሰዋል። ከመሬቱ አንድ እፍኝ ዝገኑ፤ መዳፋችሁ ላይ የሚቀረው ጠጠር ነው፣ አፈሩ ለምልክት ያህል ብቻ ነው። ገበሬው ይህን መሬት ጭንጫ ይለዋል። የአፈር ባለሙያዎችም ስም አውጥተውለታል፤ ሌፕቶሶል። 25 ሳንቲ ሜትር ሳይቆፈር ድንጋይ የሚገኝበት፣ ወይም እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲለካ የላመው አፈር ከአንድ አምስተኛ በታች የሆነበት መሬት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጭንጫ ሁሉ የሰው በደል አይደለም። ይህ ደጋ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። የታችኛው ድንጋይ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ራሱ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እሳት የተፋ ተራራ ነበር። ያ ጥቁር ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ፣ በብርድና በሥር እየተፈረፈረ አፈር ይሆናል፤ ግን እጅግ በዝግታ። ገደል አፋፍ ላይ አፈር ሊቆም አይችልም፤ ቢቆምም ስስ ነው። በዓለምም ላይ ከአፈር ዓይነቶች ሁሉ ሰፊ ቦታ የያዘው ይኸው ስስ አፈር እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ማንም አይጠየቅም።

የምንጠየቅበት ሌላ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ቆሟል። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑ ሰው ናቸው፤ ገላውዴዎስና ደብረ ሰና ከጥናታቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ከእነዚህ ደኖች ወደ አንዱ ግቡ። እግር የሚረግጠው ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ብስባሽ፣ ከብስባሹ ሥር ጥቁር ለስላሳ አፈር። ከቅጥሩ ወጥታችሁ ሃያ እርምጃ ሂዱ፤ ጠጠር። ድንጋዩ አንድ ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው፣ ፀሐዩም አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያው ደረቅ የድንጋይ ካብና ያንን ካብ ያከበረ ሰው ነው። ከካቡ ውጭ ያለውን እግዚአብሔር ያልፈጠረው ይመስል ተውነው።

አፈር እንዴት እንደሚሄድም እንወቅ፤ ንስሐ የሚገባ ሰው በደሉን በስሙ ይጠራልና። ጎርፍ ሲመጣ ጠጠሩን ትቶ የላመውን ይወስዳል። የሚሄደው ዘርን የሚመግበው፣ ውኃን የሚይዘው ነው። የሚቀረው ጠጠር በየዓመቱ የበዛ የሚመስለን ለዚህ ነው፤ ድንጋይ አልበቀለም፣ አፈሩ አለቀ እንጂ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአንዲት ጥድ፣ በማይባርና በአንጀኒ የምርምር ጣቢያዎች የአፈር መታጠብ ሲለካ ኖሯል። ከእነዚህ ልኬቶች ተነሥቶ የወጣው የታወቀው ግምት፣ ከታረሰ ደጋማ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል ይላል። ይህ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ጥፍር የማይሞላ። ግን አስሉት። 25 ሳንቲ ሜትር አፈር በዚህ አካሄድ ለማለቅ ስልሳ ዓመት ገደማ ይበቃዋል። አያት ጥሩ አድርጎ ያረሰውን መሬት የልጅ ልጅ ድንጋይ ሆኖ ይረከበዋል።

አሁን ወደ ዝናቡ ልመለስ፤ ትልቁ ሐሰታችን ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ደህና አፈር ከመቶ ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ ለሰብል ያስቀምጣል። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ያለው፣ ያውም ግማሹ ጠጠር የሆነ መሬት ከአሥር ሚሊ ሜትር ብዙም የዘለለ አይይዝም። ያደገ ሰብል በቀን አራት ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ያ ጭንጫ ሰብሉን የሚያቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ሳምንት ዝናብ ቢያርፍ በጥልቁ አፈር ላይ ያለው ገብስ አይሰማውም፤ በጭንጫው ላይ ያለው ይጠወልጋል። ሁለት ሳምንት ቢያርፍ ይደርቃል። የጎረቤትህ ማሳ በአንድ ሰማይ ሥር ቆሞ ያንተ ሲቃጠል ዝናብ ቀረ ትላለህን? እንስራውን ሰብረን ምንጩ ነጠፈ እያልን ነው። በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ቤተሰብ በሴፍቲኔት እየተረዳ ከርሟል። በእነዚህ ወረዳዎች ዝናቡ አጭርና ወላዋይ መሆኑ እውነት ነው። ግን አፈሩ ቢኖር ኖሮ ያ ወላዋይ ዝናብ ከዚህ ይበልጥ ያበላ ነበር።

በደላችንን እንጥራው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል አዝዞ ነበር፤ መቶ ክንድ ወደ ፊት ሲሄዱ ስልሳ ክንድ ከሚያስወጣ ዳገት በላይ ማለት ነው። ከ30 እስከ 60 በመቶ ያለውም ያለ ጠረጴዛማ እርከን ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት። አዋጁ ወጣ፣ ታተመ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በሬዎቻችን ግን ዛሬም እጅ ይዞ ከሚያስወጣ ዳገት ላይ ይጠመዳሉ። ጉና ላይ ገብሱና ድንቹ ጓሳውን እየገፉ ወደ ጅብራው ወጥተዋል። ይህን ያየ ሹም ዝም አለ፤ ዝም ያለ ሹም ከአራሹ የበለጠ ይጠየቃል። አራሹ ልጆቹን ሊያበላ ነው የወጣው፤ ሹሙን ምን አስገደደው?

ደግሞ ኩበቱ። የከብቱ እዳሪ ለመሬቱ የተሰጠ ምግብ ነበር። እኛ ጠፍጥፈን፣ አድርቀን፣ አንድደን አመዱን እንደፋለን። ገለባውንም እስከ መጨረሻው ዘንግ ሰብስበን ለከብት እንሰጣለን። ታዲያ አፈሩ ምን በልቶ ያብላን? እናቶቼ ሆይ፣ ሌላ ማገዶ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። በማጀት የምታለቅሱበትን ጭስም አውቃለሁ። ተግሣጹ የሚበረታው አማራጭ ማቅረብ ሲችሉ ሥልጠናና ስብሰባ ብቻ በሚያቀርቡት ላይ ነው።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፤ ይህ የሚያስመሰግን ድካም ነው። ነገር ግን ኪሎ ሜትሩ ተለክቶ ከተዘገበ በኋላ ከብቱ ይለቀቅበታል፣ ካቡ ይፈርሳል፣ ድንጋዩም ለአጥር ይወሰዳል። ችግኝም ፎቶ ተነሥቶ ይተከላል፤ በመስከረም የሚጠይቀው የለም። እግዚአብሔር ሪፖርት የሚያነብ አይምሰላችሁ።

ድንጋይም ሁሉ ጠላት አይደለም፤ በማሳችሁ ላይ ያለውን ትንንሽ ድንጋይ ሁሉ ለቅማችሁ አትጣሉ። አንዱን ገልብጡትና ሥሩን ዳስሱ፤ ዙሪያው ደርቆ ሳለ እርጥብ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩ ለአፈሩ የዝናቡን ጠብታ ይቀበልለታል፣ ፀሐዩን ይከለክልለታል። በትግራይ ደጋ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጠጠር የለበሰ መሬት ካልለበሰው ያነሰ እንደሚታጠብ አሳይተዋል። ብዙ አራሾች ይህን ያውቁታል፤ የማያውቁት ጥሩ ማሳ ማለት ጠጠሩ የተለቀመ ነው የሚሉ መካሪዎች ናቸው።

የእኛ በደል እኛ ጋ ብቻ ቢቀር በቀለለ። በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13፣ ልጆች ችቦና ጅራፍ ይዘው ሲጫወቱ ርብና ጉማራን ተመልከቱ። ከጉና የሚወርዱት እነዚህ ወንዞች በዚያ ወራት የሚጎርፉት የእኛን ማሳ ይዘው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራን ሜዳ ሰው ቤት በውኃ ያጥለቀለቀ ጎርፍ የመጣው ከላይ ነበር። ለፎገራ መስኖ የተገደበው የርብ ግድብም 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር የተሠራው፤ እኛ ደግሞ በየክረምቱ ደለል እንልክለታለን። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. መባቻ ታይቶ የተስፋፋው እምቦጭም ከሚመገባቸው አንዱ ከማሳችን ታጥቦ የሚወርደው ለም አፈር ነው። ዓሣ አጥማጁ አረሙን ሲነቅል የሚታገለው ከእኛ ዳገት ጋር ነው።

እናንተ አባቶችም አትቅሩ። ደኑን ስላቆያችሁ እናመሰግናችኋለን። ግን ከአንዳንዱ ደብር ዙሪያ ጥድና ወይራው እየሳሳ ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ ለገቢ ሲባል ቅጥሩ ሲጠበብ ዝም ብላችኋል። ንስሐ አባት ለሚናዘዘው ቀኖና ይሰጣል፤ ስግደት ያዛል፣ ጾም ያዛል። ዳገት ላይ ሞፈሩን ለሚያወርድ፣ እርከን አፍርሶ አጥር ለሚክብ፣ በተከለለ ኮረብታ ላይ ሌሊት ከብት ለሚያስገባ ቀኖናውን በዚያው ኮረብታ ላይ ስጡት፤ ያፈረሰውን ይካብ፣ የነቀለውን ይትከል፣ እስከ ሦስተኛው ክረምት ይጠብቀው።

አራሹም ይጠይቃል፦ ዳገቱን ከተውሁ የት ልረስ? መልሱ ከወረዳ መምጣት አለበት፤ ዳገቱን የለቀቀ ሰው ከተከለለው ኮረብታ ሣር አጭዶ የሚያደልብበትን፣ ቀፎ የሚሰቅልበትን፣ ትሪሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ ተክሎ ከብቱን በቤቱ የሚመግብበትን መብት በስሙ በወረቀት ይሰጠው። ይህ ሳይሆን ኮረብታ ክለል ማለት ከድኻው ጉሮሮ መንጠቅ ነው።

ሚያዝያ ሳያልፍ፣ ሞፈሩ ሳይሰናዳ፣ የየቀበሌው ሽማግሌዎችና የግብርና ባለሙያው ገመድና ውኃ ልክ ይዘው ከዳገቱ ሥር ይገናኙ። ከ60 በመቶ በላይ የወጣውን ማሳ አንድ በአንድ ይለኩ፣ ባለቤቱን በስሙ ይጥሩት፣ ከድንበሩም ላይ ድንጋይ ይትከሉ፤ ዘንድሮ ከዚያ ድንጋይ በላይ በሬ አይጠመድ።