ታርጋ ያለው ቤት

ሰው በጭነት መኪና ውስጥ ቢኖር ቤት አለው ይባላል ወይስ መንገደኛ ነው? ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገለ የጭነት መኪና ገዝተው፣ በዝግ ካሶኒው ውስጥ አልጋና ምድጃ አስገብተው ዓመት ከዓመት የሚኖሩበት ሰዎች ብዙ ናቸው። ገሚሱ የቤት ኪራይ አንገፍግፎት፣ ገሚሱ ደግሞ ነፃነት ፈልጎ ነው። በእኛም አገር ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የጭነት አይሱዙን ካሶኒ አውልቀው፣ በላሜራ ቀጥቅጠው ሰው ማመላለሻ ያደረጉት የሀገራችን ጋራዦች ናቸው፤ ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» አለው። ኮንቴይነርም የመርከብ ዕቃ መያዣ ነበር፤ ዛሬ ሱቅም፣ የዘበኛ ማደሪያም፣ የቤተሰብ መኖሪያም ሆኖ እናየዋለን።

እንግዲህ አንድ የአራዳ ልጅ ያገለገለ አይሱዙ ገዝቶ ቤት ላድርገው አለ እንበል። ካሶኒው ርዝመቱ ከ4 ሜትር ብዙ አይበልጥም፣ ወርዱም 2 ሜትር ገደማ ነው። የሰማው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ይህማ ለሰው አይበቃም» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በእሪ በከንቱ ስንት ቤተሰብ ከዚህ እምብዛም በማይሰፋ አንድ ክፍል ውስጥ ወላጅ ከታች፣ ልጆች ከቆጥ ላይ እየተኙ ኖረዋል! በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ከሆነ በኋላ በዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ተወልዶ፣ ተድሮ፣ ወልዶ ያሳደገ ሰው ፒያሳ ውስጥ ጥቂት አልነበረም።

ይልቅስ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብረት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ የተኛው ሰው ትንፋሽም ላሜራው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መካከል ፎም መግባት፣ ከጣሪያውም የአየር መውጫ መከፈት አለበት። ከሰል ግን በዝግ ካሶኒ ውስጥ ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ተኝተው ሳሉ ነፍስ ያጠፋል። ቡናው እንግዲህ ውጭ መፈላት ይኖርበታል። ውጭው የማን ነው?

የፒያሳን አንድ ክፍል ቤት ያኖረው ግድግዳው ሳይሆን ግቢው ነበር። ቧንቧው በግቢው ነው፤ ሽንት ቤቱም፣ ማድ ቤቱም፣ ልብስ ማስጫውም እንዲሁ። እናት ገበያ ስትሄድ ልጇን የሚጠብቀው ግቢው ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቧንቧ ተሰልፎ፣ በአንዱ ለቅሶ ሌላው ድንኳን ተክሎ ኖሯል። መኪናው የጎደለው ይህ ነው እንጂ ስፋት አይደለም።

የሚገርመው፣ ዑለማዎቻችን ይህን ጥያቄ መኪና ሳይፈጠር በፊት አንሥተውታል። የእነሱ ጉዳይ መርከበኛ ነበር። ከመርከቡ ሌላ ቤት የሌለው፣ ቤተሰቡንም እዚያው ይዞ የሚኖር መርከበኛ እንደ ሙሳፊር ሰላቱን ያሳጥራልን? በረመዷንስ ማፍጠር ይፈቀድለታልን? በኢማሙ ሻፊዒይ ዘንድ ያሳጥራል፤ በጉዞ ላይ ነውና። ኢማሙ አሕመድ ግን አይፈቀድለትም ብለዋል፤ ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ወጣ አይባልምና። በ620 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት ኢብን ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ሲያብራሩ መርከበኛውን ነዋሪ የሚያሰኘው ቤተሰቡ፣ ምድጃውና የሚያስፈልገው ዕቃ አብረውት መሆናቸው እንደሆነ ያስረዳሉ። የጭነት እንስሳ የሚያከራይ ሰው ግን ቤተሰቡን ይዞ ስለማይዞር እንደ መርከበኛው አይደለም።

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከመሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ሳምንታት ያድራሉ። በዚህ ሚዛን እነሱ ሙሳፊር ናቸው፤ ሚስትና ልጅ ሌላ ከተማ ይጠብቃቸዋል። የእኛ ባለ አይሱዙ ግን ባለቤቱንና ምድጃውን ካስገባ፣ በኢማሙ አሕመድ አነጋገር ነዋሪ ነው ማለት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግድግዳም መሠረትም አለመኖሩን ልብ በሉልኝ።

ጎረቤትም የለበትም። ብይኑ ስለ ሰላትና ስለ ጾም ስለሆነ፣ ባሕር ላይም ጎረቤት ስለሌለ ይሆናል። አራዳ ግን ባሕር አይደለም።

የሱረቱ ነሕል 80ኛው አንቀጽ ሁለት ዓይነት ቤት ይጠቅሳል፤ ሰው የሚያርፍበትን ቤትና ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን፣ በጉዞ ቀን የሚቀለውን ድንኳን። ሁለቱም የአላህ ጸጋ ሆነው ተቆጥረዋል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ቤት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የአፋር አሪና የሶማሌ አቃል እስከ ዛሬ ሴቶቹ የሚሠሯቸው፣ ተነቅለው በግመል የሚጫኑ ቤቶች ናቸው። ነገር ግን አርብቶ አደሩ ሲነሣ ብቻውን አይነሣም። ዘመዱም ጎረቤቱም አብሮ ይጭናል፤ አብሮም ይሰፍራል። ቤቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ መንደሩ አይፈርስም።

የፒያሳው ነገር የዚህ ተቃራኒ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ መንደር ፈርሶ ነዋሪው ተነሣ። ከተነሡት መካከል ከቆጥ ተላቅቆ፣ ሽንት ቤቱ የራሱ የሆነ ቤት የገባ ሰው አለ፤ ይህን ጸጋ መካድ አይገባም። ሆኖም በአንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ሲበተኑ፣ ከአዲሱ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ ለአሮጌው እድሩ ቀብር ሁለት ታክሲ የሚቀያይር ሽማግሌ አለ። የሲሚንቶ ቤቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ እሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ከእሱና ከባለ አይሱዙው ሙሳፊሩ የትኛው ነው ትላላችሁ?

ለባለ አይሱዙው ሳናዳላ እንናገር። የቀበሌ መታወቂያ የቤት ቁጥር ይጽፋል፤ የእሱ ቤት ያለው ግን ታርጋ ነው። ቆሻሻ ውሃውን ሌሊት መንገድ ላይ ቢለቅ ሰው የሚያልፍበትን ያበላሻል፤ ይህም በሃይማኖታችን የተወገዘ ነው። በኒ ሰፈር አቁሞ፣ ኑር መስጂድ ሱብሒን ሰግዶ ቢመለስ እንኳ ከመስኮቱ ሥር ያደረበት አባወራ ሐቅ አለው። ሱረቱ ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ ላይ የቅርቡም የሩቁም ጎረቤት፣ ከጎን ያለውም ባልደረባ ተጠቅሷል፤ የአንድ ሌሊት ጉርብትና ከዚህ ይወጣል ለማለት ይከብዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ በቋሚ ቤት የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ሲያስከፋው ወዶም ሆነ ሳይወድ ይታገሣል፤ ቆይቶም ይታረቃል። ለባለ መኪናው ቁልፍ ማዞር ይበቃዋል።

በመሆኑም እንዲህ ያለ ቤት ለመሥራት ያሰበ ካለ፣ ፎሙንና ኮምፔንሳቶውን ከመግዛቱ በፊት የሚያቆምበትን ሰፈር ይምረጥ፤ ባለ ግቢውን ያስፈቅድ፤ የዚያ ሰፈር እድር በየትኛው እሑድ እንደሚሰበሰብም ይጠይቅ። የፒያሳ መንገድ ተዳፋት ነውና ከጎማው ሥር ታኮ ማድረጉንም አይርሳ።